ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ ግንባታ ውል፣ ስለ ቦንድና ስለ ሂሳብ አያያዝ

ከዳውንታውን አትላንታ

(ማሳሰቢያ፦ "ዓ.ም." ተብሎ ካልተጻፈ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ዳውንታውን አትላንታ፣ ፒችትሪ ጎዳና ላይ ነው። ሙያዬ ለጨዋታ እንደማይመች ከተረዳሁ ቆይቻለሁ፤ ሰርግ ላይ "ምን ትሠራለህ?" ያለኝ ሰው "ሂሳብ" ስለው ፊቱን ወደ ሌላው ያዞራል። ስለዚህ በዚህ ርዕስ አንባቢን ለማስቸገር አስቤ አላውቅም ነበር። ብዕር ያስነሳኝ አንድ የማከብራቸው አዛውንት ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነው።

ጋሼ (ስማቸው ይቆየን) እዚሁ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በማርታ ባቡር ፋይቭ ፖይንትስ ድረስ መጥተው ደወሉልኝ። ቡናችንን ይዘን እንደተቀመጥን ከላስቲክ ማህደር ውስጥ አንዲት ወረቀት አወጡ። በ2003 ዓ.ም. ክረምት ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ሄደው ሳለ ከባንክ የገዟት የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ናት፤ የ10 ሺህ ብር።

"አንተ ልጅ፣ ኑዛዜ ላጽፍ ነው" አሉኝ። "ጠበቃዋ ያለህን ንብረት ዘርዝር አለችኝ። ቤቱን፣ መኪናዋን፣ የጡረታ ሂሳቤን ነገርኳት። ይህችን ግን ምን ብዬ ላስጽፋት? ንብረት ናት ወይስ ስጦታ?"

"ጋሼ፣ ጊዜዋ እኮ ደርሷል። ገንዘቡን ጠይቀው ያውቃሉ?"

"አልጠየቅሁም። ስገዛትም ልጠይቅ ብዬ አልነበረም።"

ጥያቄው መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቢሮ ተመልሼ ሳሰላስለው ግን የአንድ አዛውንት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አገራችን ግድብ፣ ስኳር ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ስትገነባ፣ ባንኮቿም ለዚያ ሲያበድሩ፣ በወቅቱ ጮክ ብሎ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ይኸው ነው። በመዝገብ ላይ "አለኝ" ያልነው ነገር በእርግጥ አለን ወይስ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ነው?

በማንኛውም ትልቅ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ፣ ከሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍና ከባለቀለሙ ሥዕላዊ መግለጫ በስተጀርባ፣ "ዋና ዋና የሂሳብ አያያዝ ፖሊሲዎች" የሚል በደቃቅ ፊደል የታተመ ክፍል አለ። ጥቂት ሰው ነው የሚያነበው። በዚያ ክፍል አንዱ አንቀጽ ስለ ግንባታ ውል፣ ሌላው ስለ ፋይናንስ ሀብት፣ ማለትም ስለ ብድር፣ ስለ ቦንድና ስለ አክሲዮን ይናገራል። የሁለቱም ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ትርፉን የእኔ ነው የምለው መቼ ነው? ኪሳራውንስ አምኜ የምቀበለው መቼ ነው? እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

"80 በመቶ አልቋል፣ ፊኒሺንግ ብቻ ነው የቀረው"

አዲስ አበባ ቤት ያሠራ የውጭ አገር ነዋሪ ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር በስልክ ሰምቷል። ኮለኑ ቆሟል፣ ሶሌታው ተሞልቷል፣ ብሎኬቱ ተደርድሯል። በዓይን ሲታይ ቤቱ አልቋል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሴራሚኩ፣ በርና መስኮቱ፣ የመብራትና የቧንቧ ዕቃው የቀደመውን ሁሉ የሚያህል ገንዘብ ሊበላ ይችላል። ታዲያ ያ "80 በመቶ" የምን 80 በመቶ ነው? የዓይን? የጊዜ? ወይስ የገንዘብ?

የግንባታ ሥራ ተቋራጭም በየዓመቱ መጨረሻ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው። ሥራው አራት ዓመት የሚፈጅ ከሆነ እስከ አራተኛው ዓመት ድረስ ገቢ የለኝም ሊል አይችልም። ስለዚህ ሥራው በደረሰበት መጠን ገቢውን እየከፋፈለ ይመዘግባል። የደረሰበትን መጠን ለማወቅ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ እስካሁን የወጣውን ወጪ በሙሉ ፕሮጀክቱ ይፈጃል ተብሎ ለሚገመተው ጠቅላላ ወጪ ማካፈል ነው። ይህ አሠራር ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ ቁጥር 11 በሚባለው ደንብ ለረጅም ዘመን ሲመራ ቆይቶ፣ ከ2018 ጀምሮ በአዲሱ ደረጃ ቁጥር 15 ተተክቷል። አሜሪካም ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ደንብ በዚያው ሰሞን ሥራ ላይ አውላለች።

በቁጥር ላሳይ። የውሉ ዋጋ 100 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ተቋራጩ ሥራው በጠቅላላው 80 ሚሊዮን ይፈጅብኛል ብሎ ገምቷል። በመጀመሪያው ዓመት 40 ሚሊዮን አወጣ። ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ 50 ሚሊዮን ገቢ፣ 10 ሚሊዮን ትርፍ ይመዘግባል። ጉርሻ ይከፈላል፣ ግብዣ ይደረጋል።

አሁን አንዲት ቁጥር ብቻ እንለውጥ። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ንሯልና ጠቅላላ ወጪው 80 ሳይሆን 120 ሚሊዮን ነው ብሎ በሐቅ ቢገምት ኖሮስ? ሥራው ከሦስት አንድ እጅ ብቻ ነው ያለቀው። ከዚያም በላይ ውሉ መጨረሻ ላይ 20 ሚሊዮን ብር እንደሚያከስር ታውቋል። በዚህ ጊዜ ደንቡ ጨካኝ ነው፦ ትርፍ እየተሸራረፈ ሊመዘገብ ይችላል፣ የታወቀ ኪሳራ ግን አይሸራረፍም። ሃያውም ሚሊዮን ዛሬውኑ ይመዘገባል።

ልብ በሉ! ያው ሲሚንቶ፣ ያው ፌሮ፣ ያው የወጣ 40 ሚሊዮን ብር ነው። በአንደኛው መዝገብ 10 ሚሊዮን ትርፍ፣ በሌላው 20 ሚሊዮን ኪሳራ። የ30 ሚሊዮኑ ልዩነት ያለው ግንባታው ቦታ ላይ ሳይሆን "ገና ስንት ይቀረኛል?" ለሚለው ጥያቄ በተሰጠው መልስ ላይ ነው። ያንን መልስ የሚሰጠው ደግሞ ትርፉን የሚፈልገው ሰው ራሱ ነው።

ከአትላንታ የምናየው

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ የጆርጂያ ፓወር ደንበኞች ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት ስንከፍለው በኖርነው የመብራት ቢል ላይ፣ ገና ላላለቀ የኒውክሌር ጣቢያ የምናዋጣው ገንዘብ ነበረበት። ከአውጉስታ ከተማ በስተደቡብ ያለው የቮግል ጣቢያ ሦስተኛና አራተኛ ማመንጫዎች ሲታቀዱ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣሉ፣ በ2016ና በ2017 ያልቃሉ ተብሎ ነበር። ወጪው ከ30 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ አንደኛው በሐምሌ 2023፣ ሌላው በሚያዝያ 2024 ሥራ ጀመሩ።

በመሐል የሆነው ነገር ለርዕሳችን ትልቅ ትምህርት ነው። ዋናው ተቋራጭ ዌስቲንግሀውስ የጃፓኑ የቶሺባ ንብረት ነበር። ቶሺባ በየካቲት 2017 በኒውክሌር ሥራው ላይ 6.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ እንደሚመዘግብ አስታወቀ፤ በቀጣዩ ወር ዌስቲንግሀውስ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ያ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ሌሊት አልጠፋም። "ገና ስንት ይቀራል?" የሚለው ግምት ሲስተካከል ነው የታየው።

ከቢሮዬ በእግር ወርዶ ካፒቶሉ አጠገብ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ የጆርጂያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አለ። ግንባታው በሚካሄድበት ዘመን ኩባንያው በየስድስት ወሩ ምን ያህል እንዳወጣና ምን ያህል እንደሚቀረው ሪፖርት ያቀርብ ነበር፤ ምስክሮቹ ቃለ መሐላ ፈጽመው በጠበቆች ይመረመራሉ። የጆርጂያ ፓወር እናት ኩባንያ ሳዘርን ካምፓኒም በ2018 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ወጪው ከግምት ማለፉን ተቀብሎ 1.1 ቢሊዮን ዶላር በመዝገቡ ላይ አወራርዷል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ መብራት ከፋዩን ከመክፈል አላዳነውም። ግን የሚከፍለውን አውቆ ከፈለ፤ ለመቃወም የፈለገም የት ሄዶ እንደሚናገር ያውቅ ነበር።

የእኛው ግድብ በመቶኛ

የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል ወጪው 80 ቢሊዮን ብር ገደማ እንደሚሆን ነበር የተነገረው። የሲቪል ሥራው ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ፣ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዜና የምንሰማው መቶኛ ነበር፤ ይህን ያህል በመቶ ደረሰ፣ ከ60 በመቶ አለፈ…

በነሐሴ 2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሰባት ዓመት በኋላም አንድም ተርባይን ሥራ አለመጀመሩን ተናግረው ሥራው ከሜቴክ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ተዘርዝሮ ወጣ፦ በ2019 መጀመሪያ ገደማ የሲቪል ሥራው ከ80 በመቶ በላይ፣ የኤሌክትሮ መካኒካሉ ግን ሩብ ያህል ብቻ መድረሱ ተነገረ። አማካዩ ግን ያው ከ60 በመቶ በላይ ነበር!

አንባቢ ሆይ፣ አማካዩ ሐሰት ነበር አልልም። ነገር ግን ኮንክሪትና ተርባይን ተደምረው የተገኘ መቶኛ፣ ግድግዳና ቧንቧ ተደምረው "80 በመቶ አልቋል" እንደተባለው ቤት ነው። መብራት የሚመጣው ከአማካዩ ሳይሆን ከተርባይኑ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሜቴክ በያዛቸው የስኳርና የማዳበሪያ ፋብሪካ ፕሮጀክቶች ላይ ክፍያው ከሥራው ቀድሞ መሄዱ በፓርላማ ሳይቀር ተነግሯል። የሂሳብ ደንቡ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ለተቋራጭ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ግንባታ አይደለም፤ ከተቋራጩ የሚፈለግ ዕዳ ነው። ተገዝቶ መጋዘን የተቀመጠ ያልተገጠመ መሣሪያም የሥራውን መቶኛ አያሳድግም። ያ ገንዘብ "በግንባታ ላይ ያለ ንብረት" በሚለው መስመር ውስጥ ከተደባለቀ ግን የባለፕሮጀክቱ መዝገብ በየዓመቱ እየወፈረ ይሄዳል። ሳር በበቀለበት ሜዳ ላይ በወረቀት ፋብሪካ ይቆማል።

ለዘመድ ያበደሩት ገንዘብ

አሁን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ልሻገር። ለአጎታችሁ ልጅ 5,000 ዶላር አበድራችኋል እንበል። የመጀመሪያው ዓመት "በሚቀጥለው" አለ። በሁለተኛው ዓመት ሱቁን ዘጋ። በሦስተኛው ዓመት የድሮውን እንዲከፍላችሁ አዲስ 6,000 አበደራችሁት፤ እርሱም ከዚያው ላይ 5,000ውን "ከፈለ"። በመዝገባችሁ ላይ ብድሩ በሰዓቱ ተከፍሏል፣ አዲሱ ብድርም ጤነኛ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ፋይናንስ ሀብት በመዝገብ ላይ የሚያዝበት መንገድ በጥቅሉ ሁለት ነው። ዋናውንና ወለዱን እየሰበሰቡ እስከ መጨረሻው ለመያዝ የታሰበ ብድር ወይም ቦንድ በተበደረበት ዋጋ ላይ ወለዱ እየታሰበ፣ የተከፈለው እየተቀነሰ ይያዛል። ለመሸጥ የታሰበው ደግሞ ዛሬ ገበያ በሚያወጣው ዋጋ ይያዛል። ልዩነቱን ለማየት ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ለዓለም ገበያ የሸጠችውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ማስታወስ ይበቃል። መንግሥት በጥር 2021 በዕዳዬ ላይ ልደራደር ነው ሲል የቦንዱ ገበያ ዋጋ ወዲያው አሽቆለቆለ። ወለዱ ሳይከፈል የቀረው ግን በታኅሣሥ 2023 ነው። በገበያ ዋጋ የያዘው ሰው ኪሳራውን ሦስት ዓመት ያህል ቀድሞ አወቀ።

በተበደረበት ዋጋ ለሚያዘው ብድር የድሮው ደንብ "ተበዳሪው ለመቸገሩ ተጨባጭ ማስረጃ እስኪገኝ ኪሳራ አትመዝግብ" የሚል ነበር። የ2008 የዓለም ፋይናንስ ቀውስ ይህ ደንብ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚነቃ አሳየ። ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደረጃ ቁጥር 9 "አትጠብቅ፣ ገምት" አለ። ጤነኛ ለሆነው ብድር የሚቀጥሉትን 12 ወራት አደጋ ገምተህ መጠባበቂያ ያዝ፤ የተበዳሪው ሁኔታ ከተበላሸ እስከ ብድሩ ዕድሜ መጨረሻ ያለውን ኪሳራ ገምት፤ መክፈል ካቃተው ደግሞ ወለዱን እንኳ ባልተመለሰው ሙሉ ዕዳ ላይ ሳይሆን ይሰበሰባል ባልከው ላይ ብቻ አስላ።

ይህን ይዘን ወደ አገር ቤት እንመለስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለመብራት ኃይል፣ ለስኳር፣ ለባቡርና ለሜቴክ እጅግ ብዙ ገንዘብ አበደረ፤ ቦንዳቸውንም ገዛ። መንግሥት ዋስ ነበርና ብድሩ እንደ ጤነኛ እየታየ፣ ጊዜው ሲደርስም እየተራዘመ ቆየ። ባንኩ በየዓመቱ ትርፍ ያስታውቅ ነበር። በ2021 የድርጅቶቹን ዕዳ የሚረከብ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በ2024 መጨረሻ ፓርላማው ለዚሁ ዕዳና ለባንኩ ካፒታል ማሳደጊያ በጠቅላላው 900 ቢሊዮን ብር የሚሆን የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ አጸደቀ።

ዋስትና ኪሳራን አያጠፋም፤ ያዛውራል። ኪሳራው ከባንኩ መዝገብ ወጥቶ የግብር ከፋዩ መዝገብ ውስጥ ገባ። ከጎኑ የልማት ባንክን ብናይ በ2018 ገደማ ከብድሩ 40 በመቶ የሚጠጋው የተበላሸ መሆኑ ተነግሮ ባንኩ ብዙ ተወቅሷል። ወቀሳው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የበሽተኛው ትኩሳት በቴርሞሜትሩ ታይቷል። የሚያስፈራው ትኩሳቱ እያለ ቴርሞሜትሩ የማያሳየው ነው።

እኛስ?

ሁሉን በመንግሥትና በባንክ ላይ ጥዬ ብወጣ ሐቀኛ አልሆንም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ2011 እስከ 2014 ድረስ እዚህ አሜሪካ ከ3,100 በላይ ለሆኑ ነዋሪዎች 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የግድብ ቦንድ ሸጧል። ሽያጩ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ስላልተመዘገበ የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2016 ጉዳዩን ከስሶ፣ ድርጅቱ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ምዝገባው ለይስሙላ የሚጠየቅ አይደለም። የተመዘገበ ሰነድ የሻጩን የተመረመረ ሂሳብ፣ ያለበትን ዕዳና ገዢው የሚሸከመውን አደጋ ይዞ ይመጣል። ታዲያ ከእኛ መካከል ከመግዛቱ በፊት "ሂሳባችሁን አሳዩኝ" ያለ ስንቱ ነው? የደገፈው በፍቅር ገዛ፣ የተቃወመው በቁጣ አልገዛም አለ። የሂሳብ መግለጫውን ግን ሁለቱም ወገን አልጠየቀም።

ዛሬ ጉዳዩ ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። በ2019 የወጣው ሕግ የውጭ ዜግነት ያለን ትውልደ ኢትዮጵያውያን የአገር ቤት ባንኮችን አክሲዮን እንድንገዛ ፈቅዷል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ትላልቅ ድርጅቶች በዓለም አቀፉ ደረጃ ሪፖርት እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ የሚቆጣጠር የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቁሟል። ሰነዱ አለ ማለት ነው። የጎደለው አንባቢ ነው።

ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ። የግንባታ ድርጅት ከሆነ፣ የሥራውን መቶኛ የሚለካው በምንድን ነው? ሂሳብ ያልተጠየቀበት "የውል ሀብት" የሚባለው መስመርስ ከጥሬ ገንዘቡ እየፈጠነ አድጓል? ቤት ሻጭ ከሆነ፣ ከገዢዎች የሰበሰበውን ቅድሚያ ክፍያ ቤቱን ሳያስረክብ ገቢ ነው ብሎታል ወይስ ዕዳ? ባንክ ከሆነ፣ ስንቱ ብድር ነው ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለው? ስንቱስ ነው ጊዜው የተራዘመው? መልሱ በደቃቁ ፊደል ውስጥ አለ። ከሌለ ደግሞ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። በሌላ ቀን ተገናኝተን ሂሳቧን ሠራሁላቸው። በገዙበት ጊዜ ዶላር 17 ብር ገደማ ነበርና ቦንዷ ወደ 590 ዶላር ታወጣ ነበር። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗልና ዋናው ገንዘብ 100 ዶላር አይሞላም። ወለዱ ቢጨመርም የዋጋ ንረቱን አይደርስበትም።

"የጠየቁኝን ግን ወረቀቷ ብቻዋን አትመልሰውም" አልኳቸው። "ለመጠየቅ ካሰቡ ንብረት ናት። ካላሰቡ ስጦታ ናት።"

ጋሼ ቡናቸውን እያማሰሉ ጥቂት ቆዩ። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይተው ማልቀሳቸውን ነግረውኛል፤ ስጦታ ነበረች ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ንብረት ብለህ ጻፍልኝ" አሉኝ። "100 ዶላር ትሁን፣ 10 ዶላር ትሁን። ስጦታ ነው ካልኩ እኮ ልጆቼ የሚጠይቁት ነገር የለም።"

ጻፍኩላቸው። ቸር ይግጠመን።